እህቱ በእግሯ የሄደችውን መንገድ ባልየው ቢሄደውስ?

አንዲት ሴት ባሏ ከቤት አባረራት። የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ወጣች። 13 ኪሎ ሜትር በእግሯ ተጉዛ ወላጆቿ ቤት ገባች።

ይህ የሆነው በደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ነው። የሴትዮዋ ወንድም ፒ. ኤስ. ቪኖትራጅ ይባላል። ያኔ ፊልም የመሥራት ሕልም እንጂ በስሙ የወጣ አንድም ፊልም አልነበረውም። እህቱ ያየችውን መከራ ሲሰማ አንድ ነገር አሰበ። ይህን መንገድ ባልየው ራሱ ቢሄደውስ? በዚያ ፀሐይ፣ ልጁን ይዞ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ?

"ኩዣንጋል" የተባለው ፊልም መነሻው ይኸው ነው። በእኛ ቋንቋ "ጠጠሮች" እንደ ማለት ነው። ርዝመቱ 75 ደቂቃ ብቻ። ዘፈን የለውም፣ ጭፈራ የለውም፣ አንድ ሰው ሃያ ሰው የሚዘርርበት ድብድብም የለውም። አንድ አባትና አንድ ልጅ በጠራራ ፀሐይ ሲሄዱ ነው የምናየው። እኔ ደግሞ ይህን ፊልም ላገኘሁት ሰው ሁሉ እዩት እያልኩ ነው የከረምኩት። "የህንድ ፊልም ነው" ስላቸው "አክተሩ ማነው?" ይሉኛል። ስሙን ብነግራቸው አያውቁትም። ስለዚህ እስኪ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኛ የህንድ ፊልም የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ሙምባይ የሚሠራውን፣ በሂንዲ የሚናገረውን ነው። የታሚል ሲኒማ ሌላ ዓለም ነው። የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ከዋክብት፣ የራሱ ዋና ከተማ አለው። ከተማዋ ቼናይ ናት። በዓመት ከመቶ በላይ ፊልም ይወጣል። ትልልቆቹ ፊልሞች ላይ የበጀቱን ትልቅ ድርሻ የሚወስደው የዋናው ተዋናይ ክፍያ ነው። የአንድ ኮከብ ፊልም ሲወጣ ደጋፊዎቹ ገና በማለዳ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ከበሮ ይመታሉ፣ በትልቁ ፖስተር ላይ ወተት ያፈሳሉ። እንዲህ ባለ አገር ኮከብ የሌለው ፊልም መሥራት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ይህን የማውቀው ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ማዱራይ ስለሆነ ነው። ፊልሙ የተሠራበት አካባቢ ከማዱራይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሜሉር በኩል ያለው ገጠር ነው። የዶርም ጓደኛዬ አገር እዚያው ነበር። እረፍት ሲሆን እየጎተተች ትወስደኛለች። ከማቱታቫኒ አውቶቡስ ጣቢያ እንሳፈራለን። ከጣቢያው አጠገብ ያለው የአበባ ገበያ የጃስሚን ሽታ እስከ መስኮቱ ይከተለናል። አውቶቡሱ መስታወት የለውም፣ ብረት ብቻ ነው። የሚገባው ንፋስ ደግሞ ይለበልባል። ታናናሽ ወንድሞቿ "አካ" ይሉኛል፤ ታላቅ እህትን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። እናቷን እኔም እንደ እነሱ "አማ" ነበር የምላቸው።

ስለ ሙቀቱ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ፊልሙ ውስጥ ሦስተኛው ሰው ሙቀቱ ነው። የፈረንጆቹ ሜይ ወር ላይ "ካቲሪ" የሚሉት ጊዜ አለ። ሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ይቆያል። 40 ዲግሪን ማለፍ ብርቅ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ውሻ እንኳን ከጥላ አይወጣም። ሰው ሥራውን በማለዳ ይጨርስና በሩን ዘግቶ ይተኛል። ቪኖትራጅ ፊልሙን የቀረፀው ሌላው ሰው ከፀሐይ በሚሸሽበት በዚያ ወቅት ነው። ሲያዩት ይታወቃል። የተዋናዮቹ ዓይን ጭፍን ጭፍን የሚለው በትወና አይደለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጋናፓቲ የሚባል ሰካራም አባት የልጁ ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣል። ልጁን ቬሉን ከክፍል ያስወጣዋል። ሚስቱ ተደብድባ ወላጆቿ ጋ ሄዳለች፤ ሄዶ ሊያመጣት ነው። ካሜራው ከኋላው ይከተለዋል። ሰውየው ሲራመድ መሬቱን የሚረግጠው እንደ ጠላት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ይጣላል። አማቶቹ ቤት ደርሶም ከሚስቱ ወንድም ጋር ይያያዛል። ሚስቱ ግን እዚያ የለችም፤ ቀድማ ወደ ቤቷ ተመልሳለች።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር የፊልሙ ቁልፍ ነው። ልጁ የመመለሻውን የአውቶቡስ ብር ይቀደዋል።

በቃ። አንድ ሕፃን ጥቂት ሩፒ ቀደደ፣ አባትየው በእግሩ ሊሄድ ሆነ። 13 ኪሎ ሜትር። የዳይሬክተሩ እህት የሄደችው ያው ርቀት። ይህን ስረዳ ከወንበሬ ተነስቼ ነው የቆምኩት። ወንድምየው በአባትየው ላይ የፈረደው ፍርድ ይህ ነው፣ የሚያስፈጽመውም ልጁ ነው። አንድም ቃል አይናገርም። ለእናቱ የሚከራከርበት ጉልበት የለውም፣ ዕድሜውም አይፈቅድለትም። እጁ ላይ ያለችውን አንዲት ነገር አደረጋት።

የጽሑፉን ብልህነትም ልብ በሉልኝ። ይህ ድርጊት ምንም ወጪ የለውም። መኪና አይጋጭም፣ ቤት አይቃጠልም። ከዚያ በኋላ የቀረው ፊልም ሁለት ሰው፣ አንድ መንገድና ፀሐይ ነው። ብዙ ጀማሪ ዳይሬክተር በትልቅ በጀት የታሰበ ታሪክ ይጽፍና ገንዘብ ሲያጣ እየቆራረጠ ያሳንሰዋል። ስታዩት የጎደለው ይታወቃችኋል። ቪኖትራጅ ግን ታሪኩን ያሰበው ከመጀመሪያው በእግር በሚሄድ ሰው ልክ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ላይ የጎደለ የሚባል ነገር የለም። መቶ እጥፍ ገንዘብ ቢሰጡት ምን ይጨምርበታል? ጥላ?

ገንዘብ ያልገዛለትን ነገር ደግሞ ከራሱ ሕይወት ነው ያመጣው። ቪኖትራጅ የዚያው የማዱራይ አካባቢ ልጅ ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ማዱራይ ገበያ ውስጥ አበባ ሸጧል። ቲሩፑር ሄዶ ልብስ ፋብሪካ ሠርቷል። ቲሩፑር ማለት የህንድ ቲሸርት ዋና ከተማ ናት፤ ከየገጠሩ የሚመጣ ወጣት ሁሉ የሚገባባት። ከዚያ ፊልም ፍለጋ ቼናይ ገባ። መጀመሪያ ያገኘው ሥራ ግን ዲቪዲ ሱቅ ውስጥ ነው። እዚያ ሆኖ የዓለምን ፊልም አየ። የፊልም ትምህርት ቤት የሚባለው ለእሱ ያ ሱቅ ነበር።

እኔ ይህን ሳነብ የገባኝ ነገር አለ። ከመንገዱ ዳር የትኛው ድንጋይ ላይ ሰው እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ሰዓት ላይ ጥላ እንደሚጠፋ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጠብ ሲነሳ ማን ጣልቃ እንደሚገባና ማን ፊቱን ወደ መስኮት እንደሚያዞር ለማወቅ እዚያ ማደግ ያስፈልጋል። ከቼናይ የሚመጣ ትልቅ ቡድን ይህን ለማወቅ ወራት ይፈጅበት ነበር። እሱ ያውቀዋል።

ተዋናዮቹም እንደዚያው ናቸው። አባትየውን የሚጫወተው ካሩታዳያን ከቲያትር የመጣ ሰው ነው፣ የፊልም ኮከብ አይደለም። ፊቱን ስታዩት የሆነ መንገድ ላይ ያያችሁት ሰው ይመስላችኋል። ልጁ ቼላፓንዲ ነው። ይህ ልጅ እንዴት እንዲህ ሊሠራ እንደቻለ እስካሁን ይገርመኛል። ሲያለቅስ አላየሁትም። አባቱን ግን በዓይኑ ይለካዋል። ምን ያህል ርቀት ከኋላው ብቀር በእጁ አይደርስብኝም ብሎ እያሰላ ነው የሚራመደው። ሰካራም ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን ስሌት ያውቀዋል።

መንገድ ላይ የሚያገኟቸው ሰዎች ለብቻቸው ሊወራላቸው ይገባል። አይጥ እያደኑ የሚበሉ ድሆች አሉ። ጉድጓዱን በጭስ ያፍኑና አይጧ ስትወጣ ይይዟታል፣ ከዚያ እሳት ላይ ይጠብሷታል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን እዚህ ጋ ሙዚቃ ከፍ አድርጎ እንባችንን ይጠይቅ ነበር። ቪኖትራጅ ግን ሥራቸውን ያሳየናል እንጂ አያሳዝነንም። ጥበባቸውን፣ ፍጥነታቸውን፣ ማን ምን እንደሚሠራ። ሰው ምሳውን ሲያዘጋጅ ነው ያየሁት። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ጨዋነት እዚህ ላይ ነው።

ሙዚቃውን የሠራው ዩቫን ሻንካር ራጃ ነው። የትልቁ አቀናባሪ የኢላያራጃ ልጅ ነው፣ በራሱም ስም ያለው። እንዲህ ያለ ሰው ይዞ ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃ ከሞላ ጎደል አይሰማም። የእግር ኮቴ፣ ነፋስ፣ የደረቀ ሣር። ይህን የፈቀደ አቀናባሪ ሊመሰገን ይገባዋል።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። አልፎ አልፎ ካሜራው ከሰማይ ሆኖ ቁልቁል ያሳየናል። ሁለቱ ሰዎች ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ምስሉ ያምራል። ግን እኔ በዚያ ሰዓት አብሬያቸው እየሄድኩ ነበር፣ ለምን አነሱኝ አልኩ። ከአባትየው ጀርባ ያለው ካሜራ ይበቃ ነበር። ከዚያ ውጭ ብዙም የምቀንሰው የለኝም።

ልጁ እየሄደ አንድ ጠጠር አፉ ውስጥ ይከታል። ጥማት ለማስታገስ ነው። ቤት ሲደርስ ያወጣትና ያስቀምጣታል። ካሜራው ሲያሳየን እዚያ ቦታ ሌሎች ጠጠሮችም ተቀምጠዋል። ማለትም ይህን መንገድ የሄደው ዛሬ ብቻ አይደለም። እናቲቱ የተደበደበችው ዛሬ ብቻ አይደለም። አባትየው ሰክሮ ከክፍል ያወጣው ዛሬ ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም በንግግር የማይነግረንን በጥቂት ድንጋይ ነገረን። ከእናንተ መሐል መጨረሻውን ስለነገርኩ የምትቆጡ ካላችሁ ይቅርታ፤ ግን ይህ ፊልም ቢነገርም አያልቅም።

እናትየውስ? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ፊልሙ ሙሉ ስለ እሷ ነው፣ እሷ ግን የለችም። ቤት ሲደርሱም የለችም፣ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች። የመጨረሻው ረጅም ትዕይንት ሴቶች ጉድጓድ ውስጥ ጠብ ጠብ የምትለውን ውሃ በትዕግሥት ሲጨልፉ ነው። ዳይሬክተሩ አይቸኩልም። አንዳንድ ተቺዎች ረዘመ ብለዋል። እኔ ጓደኛዬን ፊልሙን ከአማ ጋር አብራችሁ እዩት ብያት ነበር። አማ አይተው ሲጨርሱ የተናገሩት ስለ አባትየው አልነበረም። "እንስራው ለመሙላት ገና ነው፣ ለምን አቋረጡት?" አሉ አለችኝ። እሳቸው በወጣትነታቸው በዚያ ወቅት ውሃ የሚቀዱት እንደዚያ ነበርና ትዕይንቱ አጠረባቸው እንጂ አልረዘመባቸውም።

ከዚህ ተነስቼ ነው ስለ ፊልሙ ያለኝ ሐሳብ የተለወጠው። መጀመሪያ ያየሁት እንደ በቀል ነበር። ባልየው ይሂዳት፣ ይጠማ፣ ይቃጠል፣ እንዲያውም ይብሰው ብዬ። እሰይ እያልኩ ነው ያየሁት፣ አልዋሽም። ግን መንገዱ ሲረዝም ፊልሙ ዝም ብሎ ሌላ ነገር ያሳያል። ይህ መሬት የሚያበቅለው የለም። ውሃ የለም። ወንዱ ሥራ የለውም። መጠጡ ግን ቅርብ ነው። ታሚል ናዱ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ አልኮል በችርቻሮ የሚሸጠው ታስማክ በተባለው የመንግሥት ድርጅት ሱቆች ነው፤ ከሱቁ የሚገኘው ገቢ ለግዛቲቱ ትልቅ ገንዘብ ነው። ጓደኛዬ መንደር አቅራቢያ ያለው ሱቅ ከመድኃኒት ቤቱ ይቀርብ ነበር። ቪኖትራጅ ይህን ሁሉ ለአባትየው ምክንያት አድርጎ አያቀርብለትም። የመታው እጅ የእሱ ነው። ግን እህቱን የበደለውን ሰው 13 ኪሎ ሜትር ሙሉ ከጀርባው ሆኖ በትዕግሥት ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ አልችለውም። ንዴቱን ይዞ ገብቶ ሰው አይቶ ነው የወጣው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፊልሙ መጀመሪያ ለእይታ በቀረበበት በዚያው በ2021፣ ሜይ ላይ፣ የታሚል ናዱ መንግሥት ሴቶች በተራ የከተማ አውቶቡሶች በነፃ እንዲሳፈሩ ፈቀደ። ጓደኛዬ ስትነግረኝ የመጀመሪያ ሐሳቤ ያቺ ሁለት ዓመት ልጅ የታቀፈች ሴት ናት። ከባሏ ቤት ስትወጣ ቢያንስ የትኬት ብር ባላሳሰባት ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ ለማን እንደሚጠቅም ለሚጠይቅ ሰው ይህን ፊልም ባሳየው ደስ ይለኛል።

ፊልሙ እንዴት ዳር እንደደረሰም ልንገራችሁ። ሥራው የተጀመረው በትንሽ ገንዘብ ነው። በኋላ ላይ ናያንታራና ቪግኔሽ ሺቫን አይተውት ፕሮዲውሰር ሆነው ገቡ። ናያንታራ በታሚል ሲኒማ ከሴቶቹ ትልቋ ኮከብ ናት፣ ቪግኔሽ ደግሞ ዳይሬክተር ነው። ስሟ ፖስተሩ ላይ መስፈሩ ብቻ ስንት በር እንደሚከፍት እዚያ የኖረ ያውቃል። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ፊልሙ በሆላንዱ የሮተርዳም ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የታይገር ሽልማትን አሸነፈ። የፌስቲቫሉ ዋና ሽልማት ነው፣ 40,000 ዩሮ አለው። ይህን ያገኘ የመጀመሪያው የታሚል ፊልም ነው። በዚያው ዓመት ህንድ ለኦስካር ወክሎ እንዲወዳደር መረጠችው። የመጨረሻዎቹ ዝርዝር ውስጥ ግን አልገባም።

ከዚህ ሁሉ ክብር በኋላ ተራው የታሚል ተመልካች መቼ አየው? ኦክቶበር 2023። ሶኒ ሊቭ በተባለው የኢንተርኔት መድረክ። ሮተርዳም ካሸነፈ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ሜሉር ዳር ያለ ገበሬ የራሱን መሬት በሲኒማ ቤት ስክሪን ሳያየው ሆላንዳዊው አየው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ትንሽ በጀት ያለው ፊልም ትልቁ ችግሩ መቀረፁ አይደለም፣ ማን ያሳየዋል የሚለው ነው። ሲኒማ ቤቶቹ ስክሪናቸውን ለኮከብ ፊልም ነው የሚያስቀምጡት።

ቀረፃው ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ አሪታፓቲ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ምንም የሌለበት ምድረ በዳ ይመስለዋል። ግን በ2022 የታሚል ናዱ የመጀመሪያው የብዝኃ ሕይወት ቅርስ ሥፍራ ተብሎ የተሰየመው ይኸው ቦታ ነው። አለታማ ኮረብታዎቹ ላይ ጭልፊትና ንስር ይኖራሉ፣ ጥንታዊ ዋሻ መቅደስም አለ። በ2024 መጨረሻ ላይ አካባቢው ለተንግስተን ማዕድን በጨረታ ሲሰጥ ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ። ከሜሉር ተነስተው እስከ ማዱራይ ድረስ ሰልፍ ወጡ። ጃንዋሪ 2025 ላይ ማዕከላዊ መንግሥቱ ጨረታውን ሰረዘው። የጓደኛዬ ወንድሞች ሰልፉ ላይ ነበሩ። ፎቶ ላኩልኝ፣ ከኋላቸው ያለው ኮረብታ ፊልሙ ላይ የማውቀው ይመስላል።

ቪኖትራጅ ከዚያ በኋላ "ኮቱካሊ"ን ሠራ። አሁንም የቤተሰብ ታሪክ ነው፣ አሁንም ጉዞ ነው። አንዲት ልጅ የፈቀደችውን ወድዳለችና ቤተሰቧ "መንፈስ ይዟታል" ብሎ በባጃጅ ወደ አዋቂ ቤት ይወስዳታል። ሱሪና አና ቤን ናቸው የሚጫወቱት፣ ሁለቱም ስም ያላቸው። በዚህኛው ሙዚቃውን ጭራሽ አወጣው። ኦገስት 2024 ላይ ደግሞ ሲኒማ ቤት ገባ። ማዱራይ ውስጥ ጓደኛዬ ከአማ ጋር ሄደው አዩት። አዳራሹ ግማሽ ነበር አለችኝ። ለእኔ ግማሹም ጥሩ ዜና ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለሱ ለብቻው እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ስለዚያች አፏን ስለማትከፍተው ልጅ ብዙ የምለው አለኝ። እስከዚያው "ኩዣንጋል"ን ፈልጋችሁ እዩት። ስልክ ላይ አትዩት፤ ሰፋ ያለ ስክሪን ካለው ሰው ጋ ሂዱ።